አንድ ፊደል የተለወጠባት አይጥ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አይጥ ነው። ጎተራ ስለምታራቁተዋ አይጥ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ስለምትረባው ነው። እሷ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ አንድ የአንጀት ነቀርሳ ብዙ ነገር አስተምራናለች። ነቀርሳ ስንል ሰው ዛሬ ካንሰር የሚለውን ማለታችን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሌላ በሽታ ነው፤ እንዳታምታቱት።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። በአንዳንድ ቤተሰብ አባት በ40 ዓመቱ ገደማ በሆድ ሕመም ይሞታል። አጎትም እንዲሁ ይሆናል። ቀጥሎ እህት ትታመማለች። ጎረቤቱ «እርግማን አለባቸው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ቡዳ ነው» ይላል። እርግማንም ቡዳም አይደለም። በእነዚህ ሰዎች ትልቁ አንጀት ውስጥ ከጉርምስና ዕድሜ ጀምሮ ትናንሽ እባጮች ይበቅላሉ። ሐኪሞች ፖሊፕ ይሏቸዋል። አንድ ሁለት አይደሉም፤ በመቶ፣ አንዳንዴም በሺህ ይቆጠራሉ። ሕክምና ካልተደረገ ከነዚያ ሁሉ አንዱ ወደ ካንሰር መለወጡ አይቀርም። በሽታው ከ10,000 ሰዎች አንዱን ገደማ ይይዛል። የአንጀት ካንሰር የያዘው ሁሉ ግን በዚህ መንገድ የወረሰው እንዳይመስላችሁ። ይህ ዓይነቱ ከ100 የአንጀት ካንሰር ሕመምተኞች አንዱን እንኳ አይሞላም።

ታዲያ አይጥ ምን አገባት? ያገባታል። የሰው ልጅ ለወግ ለማዕረግ እስኪደርስ ሃያ ዓመት ይፈጃል። አይጥ ግን ሦስት ሳምንት አርግዛ ትወልዳለች፤ ልጇም በሁለት ወር ዕድሜዋ ራሷ ለመውለድ ትደርሳለች። ተመራማሪው አያትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን በአንድ ዓመት ውስጥ ያያል። ደግሞም የአይጥ ሰውነት ከውስጥ ሲታይ ከኛ ጋር ብዙ ይመሳሰላል።

በአሜሪካ አገር፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን በምትባል ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያ ኤሚ ሞዘር የተባለች ወጣት ተመራማሪ ከሄንሪ ፒቶና ከዊሊያም ዶቭ ጋር ትሠራ ነበር። የዘርን ጽሑፍ እዚህም እዚያም የሚለውጥ ኬሚካል ለወንድ አይጥ ይሰጣል፤ ከሴት ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ልጆቹ ምን ለውጥ ይዘው እንደተወለዱ ይታያል። ከዚህ ዘር የተገኙ አንዳንድ አይጦች ካደጉ በኋላ ደም አነሳቸው። የአይጥ የእግር መዳፍ ቀላ ያለ ነው፤ ደም ሲያንሳት ይነጣል። በዓይነ ምድራቸውም ደም ታየ። ሆዳቸው ሲከፈት አንጀታቸው በእባጭ ተሞልቶ ተገኘ። የታመመና ጤነኛ አይጥ ተዳቅለው ሲወልዱም ከልጆቻቸው ግማሽ ያህሉ ያንኑ በሽታ ወረሱ። ይህ ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ለዓለም ተነገረ። የአይጧም ዘር «ሚን» ተባለ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ብዙ የአንጀት እባጭ» ከሚለው የተቆረጠ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ፊደል እንምጣ፤ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። ግድግዳ ከጡብ እንደሚሠራ ሰውነትም ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ሕዋሱ ምን መሥራት እንዳለበት ያዘዋል። አንዱ ትእዛዝ ጂን ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ፊደሎች አራት ብቻ ናቸው። ከሀ እስከ ፐ ከነዘሩ ለቆጠረ ሰው አራት ፊደል ምን አላት! ቃላቱም ሁሉ ባለ ሦስት ፊደል ናቸው። እንደኛ ጽሑፍ ደግሞ ማቆሚያ አለው፤ አራት ነጥብ በሉት።

ለልጃችሁ «ከብቶቹን አስገባ፤ በሩንም ዝጋ።» ብላችሁ ጻፋችሁለት እንበል። አራት ነጥቧ በስሕተት ከ«አስገባ» ቀጥላ ብትገባ ልጁ እዚያው ላይ ንባቡን ያቆማል። ከብቶቹ ይገባሉ፤ በሩ ግን ክፍት ያድራል። የቀረውን ጅብ ያውቀዋል።

በሚን አይጥ የሆነው ይኸው ነው። ኤፒሲ የሚባል ጂን አለ። ከ2,800 በላይ ቃላት ያሉት ረዥም ትእዛዝ ነው። በ850ኛው ቃል ላይ አንዲት ፊደል ተለወጠች፤ ቃሉም አራት ነጥብ ሆነ፤ ንባቡ እዚያ ቆመ። ለሕዋሱ «ይብቃህ፤ መብዛትህን አቁም» የሚለው ክፍል ደግሞ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1991 የአሜሪካና የጃፓን ተመራማሪዎች ይህንኑ ጂን በታመሙ ቤተሰቦች ውስጥ አገኙት። በ1992 የአይጧና የሰው በሽታ ከአንድ ጂን ብልሽት እንደሚመጣ ታወቀ። በብዙዎቹ ቤተሰቦችም ጥፋቱ ተመሳሳይ ነው፤ አራት ነጥብ ያለቦታው መግባት።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ትእዛዙ ከተበላሸ አንጀቱ በሙሉ ለምን አያብጥም? ጽሑፉ በሁለት ቅጂ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት የአይጥ ፅንስ ግን በማኅፀን ይሞታል። ችግሩ የአንጀት ገበር ሁልጊዜ መታደሱ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አሮጌው ሕዋስ ወድቆ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ሲሠራ ጽሑፉ ይገለበጣል። ገልባጭ ደግሞ ይሳሳታል፤ ደብተር ገልብጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት በአንዱ ውስጥ ጤነኛው ቅጂ ሲጠፋ እባጩ ከዚያ ይጀምራል። እንግዲህ ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው ካንሰሩን ራሱን አይደለም፤ አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ መወለዱን ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ያችው የተበላሸች ፊደል በአንድ የአይጥ ዘር ውስጥ በአማካይ ወደ 30 የሚጠጋ እባጭ ታመጣለች። ከሌላ ዘር ጋር ሲዳቀሉ ግን የተወለዱት 6 ገደማ ብቻ ሆኖባቸዋል። ፊደሏ አንድ፣ ጉዳቱ ግን ለየቅል። ምክንያቱ ሲፈለግ ጉዳቱን የሚያቀል ሌላ ጂን እንዳለ በ1993 ተደረሰበት። በሰውም ቢሆን ያንኑ ብልሽት ከወረሱ ወንድማማቾች አንዱ ከሌላው ይልቅ ቀደም ብሎ ሊታመም ይችላል።

መድኃኒትስ? በ1996 ማሳኖቡ ኦሺማና ማኮቶ ታኬቶ የተባሉ ጃፓናውያን ከባልደረቦቻቸው ጋር በአይጥ ላይ ሠሩ። የሰውነት መቆጣትን የሚያመጣ አንድ ጂን ሲጠፋ የእባጩ ቁጥር ከ650 ገደማ ወደ 100 እንኳ ወደማይሞላ ወረደ። ትልቅ ተስፋ ነበር። ይህን መቆጣት የሚያበርድ ኪኒን በ2000 በታተመ ጥናት በሰው ላይ ሲሞከር ግን በስድስት ወር ከ100 እባጭ 28 ያህሉን ብቻ ቀነሰ። ጥቅም የለውም አንልም፤ ቀዶ ሕክምናን ግን አልተካም። አይጥ ሰው አይደለችም። የእሷ እባጭ የሚበዛው በቀጭኑ አንጀት ነው፤ የኛ በትልቁ። እሷ ደም አንሷት በጥቂት ወራት ትሞታለች፤ ካንሰሩም ወደ ሌላ አካል እስኪሰራጭ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አትቆይም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን በሰው ሕመም የምትመታው አይጧ ናት።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንመለስ። በዓይነ ምድር ደም ሲታይ ብዙ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በአንጀት ካንሰር የሞተ ካለ ግን ዝም አትበሉ። ወረቀት አውጡና ጻፉ፦ ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ በእናት ወገን ነው ወይስ በአባት። ያንን ወረቀት ለሐኪም አሳዩ። ቤተሰብ ውስጥ ማንም ሳይታመም በሽታው አዲስ የሚጀምርባቸውም አሉ፤ ከሕመምተኞቹ ሩብ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ የሚደማ ሰው ወረቀቱ ባዶ ቢሆንም ይመርመር።

በሽታው በዘር ባለበት ቤት ልጆች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ መመርመር ይጀምራሉ። ሐኪሙ መመልከቻ ባላት ተጣጣፊ ቱቦ አንጀቱን ከውስጥ ያያል። እባጩ ሲበዛ፣ ካንሰር ሳይሆን በፊት፣ ትልቁ አንጀት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሰው ያለ እሱ ይኖራል፤ ሠርቶም ወልዶም ይኖራል። የቤተሰቡ የተበላሸ ፊደል ከታወቀ ደግሞ ልጁ መውረስ አለመውረሱ በደም ምርመራ ይለያል። ከወላጆቹ አንዱ የያዘው ልጅ የመውረሱ ነገር እኩል በእኩል ነው። ያልወረሰው ልጅ ለዚህ በሽታ በየጊዜው በቱቦ መታየት አያስፈልገውም፤ ለልጆቹም አያስተላልፍም።

በሉ ደኅና ሁኑ።