ያውቁ ኖሯል? ከኤደን በረሃ እስከ ፕሌይስቴሽን 4

የመካከለኛው ዘመን ዐረብ ጸሐፊዎች እንዲህ ይተርካሉ፦ አብደላህ ኢብን ቂላባ የተባለ ሰው የጠፉ ግመሎቹን ፍለጋ በየመን ኤደን በረሃ ሲንከራተት ሰው አልባ ከተማ አገኘ። ዐምዶቿ ሽቅብ የተመዘዙ ነበሩ። ኢረም ትባላለች፤ ስሟ በቁርኣንም ተጠቅሷል።

የዚህችን ከተማ ፍለጋ የቪዲዮ ጨዋታም ወርሶታል። ኖቲ ዶግ እ.ኤ.አ. በ2011 ለፕሌይስቴሽን 3 ያወጣው «አንቻርትድ 3» ጀግናውን ኔተን ድሬክን ወደ የመን ይወስደዋል፤ መጀመሪያ በአሮጌ ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ በኋላም በሩብ አልኻሊ አሸዋ። ከንፈሩ በጥም ደርቆ፣ እየወደቀና እየተነሳ ብቻውን በበረሃው የሚጓዝበት ክፍል ከጨዋታው ሁሉ የላቀው ነው።

ነገር ግን ፕሌይስቴሽን 3 ሴል የተባለ ለየት ያለ ፕሮሰሰር ስለነበረው ዲስኩ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም። እዚህ ላይ ነው የቴክሳሱ ብሉፖይንት ጌምስ የገባው። ስቱዲዮው የመጀመሪያዎቹን ሦስት የአንቻርትድ ጨዋታዎች ለአዲሱ ማሽን እንደገና አሰናዳቸው፤ እነሱም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 በአንድ ጥቅል ለገበያ ቀረቡ። በ720 የፒክስል መስመሮች ይታይ የነበረው ምስል 1080 ሆነ፤ በሰከንድ 30 የነበረው ፍሬምም ወደ 60 አደገ። የአሸዋው ብናኝና የፀሐዩ ግለት ይበልጥ ጠርተው ታዩ።

ታሪኩ አልተነካም። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቱበት ክፍል ግን ከጥቅሉ ተትቷል፤ ይህም ለቀድሞዎቹ ተጫዋቾች እውነተኛ ጉድለት ነው።