በቆላ አገር ስለሚስማማ ቀላል መክሰስ

እንደ ድሬዳዋ ባለው ቆላ አገር ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ሰው ከባድ ምግብ አያምረውም። ነገር ግን ሕፃናት ከትምህርት ቤት፥ ወላጆችም ከሥራ ሲመለሱ እስከ ራት ድረስ በባዶ ሆድ መቆየት አይገባቸውም። ስለዚህ በምሳና በራት መካከል የሚቀርበው መክሰስ ሆድን የማያከብድ፥ ዳሩ ግን ኀይል የሚሰጥ እንዲሆን ያስፈልጋል። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያሉ ሕዝቦች የሚሠሩት ሳንድዊች ለዚህ ጕዳይ እጅግ የተስማማ ነው።

ሳንድዊች የሚለው ስም የወጣው በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ከነበሩት መኰንን፥ ከ4ኛው የሳንድዊች ኧርል ከጆን ሞንታጉ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በኒስ ከተማ ግን ፓን ባኛ የሚባል ዐይነት አለ፤ ትርጓሜውም የራሰ ዳቦ ማለት ነው። ይህ አስቀድሞ የድኾች ምግብ ነበረ፤ የደረቀው ዳቦ እንዳይጣል እያራሱ ከጓሮ አትክልትና ከጥቂት ዓሣ ጋራ ይበሉት ነበር። ከቍጠባ የተወለደ መሆኑም አያስነውረውም፤ ይልቁንም ያስመሰግነዋል።

ድሬዳዋም ለእንዲህ ያለው ምግብ ባዳ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደረሰ ጊዜ አዲስ ሐረር በሚል ስም ተቈረቈረች፤ ከሐዲዱም ጋራ ፈረንሳዮች፥ ግሪኮች፥ አርመኖችና የየመን ዐረቦች መጥተው ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሲነግዱና ሲሠሩ ኖሩባት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም፥ በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበረ መንገደኛው በድሬዳዋ ያድር ነበር። በዚህም ምክንያት የባሕር ማዶው ምግብ ከአገሩ ምግብ ጋራ በአንድ ገበያ ተገናኘ። ፉርኖ የምንለው ዳቦ እንኳ ስሙን ያገኘው ከኢጣልያ ቋንቋ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ፎርኖ ማለት መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው።

ለስድስት ሰው የሚበቃው እንደሚከተለው ይሰናዳል። 6 ፉርኖ፥ 4 የበሰለ ቲማቲም፥ 1 ቀይ ሽንኩርት፥ 2 ቃሪያ፥ 3 እንቍላል፥ 2 ሎሚ፥ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ 1 ቆርቆሮ ቱና ዓሣ፥ ጥቂት የዘይቱን ፍሬና 6 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ያስፈልጋል። አስቀድሞ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ አትክልቱንም በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ይገባል። እንቍላሉ አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀላል። ፉርኖው ለሁለት ይሰነጠቅና ውስጡ በነጭ ሽንኩርት ይታሻል፤ ዘይቱና የሎሚው ጭማቂም ይንጠባጠብበታል። ከዚያ በኋላ በስሱ የተከተፈው ቲማቲም፥ ሽንኩርት፥ ቃሪያና እንቍላል ከዓሣውና ፍሬው ከወጣለት ዘይቱን ጋራ ይደረደራል፤ ጨው ተነስንሶበት ይከደናል። በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለ10 ደቂቃ ሳሕን ቢጫነው የቲማቲሙ ውሃና ዘይቱ ወደ ዳቦው ይሰርጋል።

በጾም ቀን በእንቍላሉና በዓሣው ፈንታ ሽምብራ ቀቅሎ ማላም፥ ከተፈጨ ሰሊጥ፥ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋራ መለወስ ይቻላል፤ ይህም በሶርያና በሊባኖስ የታወቀ ምግብ ነው። የሰሊጥ ፍትፍት መሥራት ለምታውቅ እመቤት አይከብዳትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የጊዜ ነው። እንግዳን ለማክበር ሲባል ምግብን አስቀድሞ አሰናድቶ ማስቀመጥ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጕዳቱ ግን በቆላ አገር ቶሎ ይገለጣል። እንቍላል ወይም ዓሣ ያለበት ሳንድዊች ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ፥ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍም ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን በሙቀት ፈጥነው ስለሚራቡ፥ ምግቡ መልኩና ሽታው ሳይለወጥ ሊያሳምም ይችላል፤ ይልቁንም ሕፃናትን፥ ነፍሰ ጡሮችንና ሽማግሌዎችን ይጐዳል።

ስለዚህ አትክልቱ ታጥቦ፥ እንቍላሉም ከነልጣጩ ተቀቅሎ በማቀዝቀዣ ይቈይ፤ ዳቦው ግን እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ይሰንጠቅ። ከፍትፍቱ ፊቱ እንደ ተባለው፥ ቸር እንግዳ ተቀባይ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ማድቤት ቢገባ እንደ ጕድለት አይቈጠርበትም። ከጥዋት ጀምሮ ተሰናድቶ ከቆየው ብዙ ምግብ ይልቅ፥ በሰዓቱ የተሠራ አንድ ፉርኖ ለእንግዳው ክብርም ጤናም ነው።