«ክፍል» ወይስ «መደብ»? በዕውቀት ማደራጃ መሣሪያዎች ስያሜ ላይ

«አብነት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ለሌላው አርአያ የሚሆን ሰው አብነት ነው፤ የሕመም መፍትሔም አብነት ይባላል፤ ዜማና ቅኔ የሚቀጸልበት የአብነት ትምህርት ቤት አለ፤ በአዲስ አበባም ልደታ ውስጥ አብነት የሚባል ሠፈር አለ። መዝገበ ቃላት ከቃሉ ተነሥቶ ወደ ፍቺዎቹ ይወርዳል። ኦንቶሎጂ የተባለውን የጽንሰ ሐሳቦች ሥርዓት ለማደራጀት የተሠሩት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ግን መንገዱን ይገለብጡታል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች በሰፊው የታወቀው ፕሮቴጄ ነው፤ መነሻውም ማርክ ሙሰን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው ጥናት ነው። በመሣሪያው እያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ ቃሉ በመለያው ላይ የሚለጠፍ ስያሜ ብቻ ሲሆን፣ የየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነም አብሮ ይመዘገባል። ስለዚህ አራቱ አብነቶች በአራት መለያ ተለያይተው ይኖራሉ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፣ ስያሜውን በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የመሣሪያውን የራሱን ቃላት ማማረጥ ነው። አንድ ዓይነት ነገሮችን በአንድነት የሚይዘውን ጽንሰ ሐሳብ «ክፍል»፣ በሥሩ ያለውን «ንዑስ ክፍል» ማለት ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። «ክፍል» በአማርኛ በቅድሚያ የአንድ ሙሉ ነገር አካል ነው፤ «ክፍለ ከተማ» የሚለው ስያሜ ራሱ ይህን ይመሰክራል። አብነት የልደታ ክፍል ነው፤ ልደታም የአዲስ አበባ ክፍል ነው፤ ስለዚህ አብነት የአዲስ አበባ ክፍል ነው። እስከዚህ ትክክል ነው። ነገር ግን መረጃ መዝጋቢው «ንዑስ ክፍል» የሚለውን አይቶ አብነትን «ክፍለ ከተማ» ከሚለው ጽንሰ ሐሳብ ሥር ቢያስገባው፣ መሣሪያው አብነት ራሱ የክፍለ ከተማ ዓይነት ነው፣ የራሱም ሥራ አስፈጻሚ አለው ብሎ ይደመድማል። ሠፈርና ክፍለ ከተማ ፈጽሞ አንድ ሊሆኑ እንደማይችሉ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ አመዛዛኙ ፕሮግራም ስሕተቱን አያየውም።

ስለዚህ ለዓይነቱ «መደብ»፣ ለአካሉ ብቻ «ክፍል» እንዲባል አሳስባለሁ። መደብ የምንቀመጥበትን የጭቃ መደብ ቢያስታውስም አያሳስትም። በመደቡ ሥር ያለውን አንድ ነገር «ግለሰብ» ማለትም አይመችም፤ ሠፈር ሰው አይደለምና። «ነጠላ» ቢባል ያስኬዳል፤ ከልብሱ ጋር የሚያምታታው አይገኝም። አንዱን ነገር ከሌላው የሚያያይዘው «ዝምድና»፣ ነገሩን ከቁጥር ወይም ከጽሑፍ ጋር የሚያያይዘው ደግሞ «ጠባይ» ቢባል፣ «የልደታ ክፍል ነው» የሚለው ዝምድና፣ የነዋሪው ብዛት ጠባይ ይሆናል።