ዶሮው ለምን ኩርሽም አላለም?

ባለፈው ሰሞን የዓመቱን ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው ቢሮዬ የመጡ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት፣ ስለ ግብሩ ሳይሆን ስለ ደንበኞቻቸው አማረሩኝ። «ሁሉም ዳኛ ሆነብኝ» አሉ። እኔም ስለ አንድ የቴሌቪዥን ዶሮ አጫወትኳቸው። ለእርስዎም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እነሆ።

በ2018 (እ.ኤ.አ.)፣ ቢቢሲ በሚያሳየው «ማስተርሼፍ» በተባለው የምግብ ማብሰል ውድድር ላይ ትውልዳቸው ማሌዥያ፣ ኑሯቸው እንግሊዝ አገር የሆነ ዛሌሃ ካዲር ኦልፒን የተባሉ ተወዳዳሪ ቀረቡ። ያዘጋጁት በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ከዶሮ ሬንዳንግ ጋር ነበር። ሬንዳንግ ሥጋው በቅመምና በኮኮናት ወተት ውስጥ ቀስ ብሎ፣ መረቁ እስኪመጥ ድረስ የሚበስል ወጥ ነው። ከዳኞቹ አንዱ ግሬግ ዋላስ፣ የዶሮው ቆዳ ኩርሽም ስለማይል ሊበላ አይችልም አሉ። ሌላው ዳኛ ጆን ቶሮድ ደግሞ ዶሮው በቂ ጊዜ አግኝቶ አልለሰለሰም ሲሉ ነቀፉ። ሴትዮዋም ከውድድሩ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባዩ! ማሌዥያውያን፣ ኢንዶኔዥያውያንና ሲንጋፖራውያን በአንድነት ተነሡ። «ወጥ ውስጥ የበሰለ ዶሮ እንዴት ኩርሽም ይላል?» ነበር ጥያቄያቸው። በሜይ 9 ምርጫ ሊፋለሙ የተዘጋጁት ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ራዛክና ተቀናቃኛቸው ማሃቲር ሞሃመድ እንኳ በዚህ ተስማሙ፤ ማሃቲርማ ሬንዳንግ ከኬንተኪ ዶሮ ጋር ሳይምታታ አልቀረም ብለው ቀለዱ። ቶሮድ ነገሩን በማብረድ ፈንታ፣ ሬንዳንግ ምናልባት የኢንዶኔዥያ ይሆናል ብለው ጽፈው በ«ናማስቴ» ተሰናበቱ። ናማስቴ የሕንዶች ሰላምታ ነውና በእሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። ዋላስም በኋላ፣ ይጠበስ ማለቴ ሳይሆን ቆዳው አልበሰለም ማለቴ ነበር ሲሉ አስረዱ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዶሮ ወጣችን ቆዳው ተገፎ፣ ብልቱ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ በቁሌቱ ውስጥ የሚበስል ነው። ይህን የማያውቅ ዳኛ ቢቀምሰው ምን ይል ነበር? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሁለተኛው ዳኛ ነቀፋ ተረሳ። ሬንዳንግ መለስለስ አለበት፤ ይህ ምግቡን በራሱ ሚዛን መመዘን ነው። የመጀመሪያው ግን ወጥን በጥብስ ሚዛን መመዘን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መጣል ኪሳራ ነው።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ሌላ ምግብ ቤት ሒሳብ ስሠራ፣ ጥቂት ፈረንጆች እንጀራው ኮመጠጠን አሉ ብለው ባለቤቱ ሲያማክሩኝ፣ ዲግሪዬን ተማምኜ «ሊጡ የሚቦካበትን ቀን ይቀንሱ» አልኳቸው። የአገራችን ሰዎች ግን «ይህ እንጀራ ነው ወይስ ቂጣ?» እያሉ አንድ በአንድ ቀሩ። እነዚያው ፈረንጆች «ምግቡም ይዘገያል» ብለው ነበር፤ እሱን ማንም አልሰማም። ሽያጩ ሲወርድ መዝገቡ ላይ ያየሁት እኔው ነኝ። እንጀራው ወደ ጥንቱ ሲመለስም የቀሩት ሁሉ አልተመለሱም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ይግዙና ገጹን ለሁለት ይክፈሉት። በአንዱ ወገን ሥራዎን አውቆ የወቀሰዎትን፣ በሌላው ሌላ ነገር ጠብቆ የመጣውን ይጻፉ። የመጀመሪያው መድኃኒት ማረም ነው። የሁለተኛው ማስረዳት ነው፤ በምግብ ዝርዝሩ ላይ «እንጀራ ከቦካ ሊጥ ስለሚጋገር ኮምጠጥ ይላል» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ቅሬታ ታስቀራለች። ታክሲ ነጂም ቢሆኑ ያው ነው። የፍጥነት ገደቡን ስላከበሩ ተሳፋሪ ኮከብ ቢቀንስብዎ አይዘኑ፤ መኪናው ይሸታል ካለዎት ግን ዛሬውኑ ያጽዱት። መልስ ሲሰጡም በተቆጣ ደንበኛ ላይ አይቀልዱ። የቶሮድን «ናማስቴ» ያስታውሱ።

ደንበኛዬ ይህን ሰምተው ሳቁና፣ «ቡናው ዘገየ የሚሉኝስ በየትኛው ወገን ይጻፉ?» አሉ።

«ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ከሆነ ያስረዷቸው። ረስተውት ከሆነ ግን» አልኳቸው፣ «ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ያርሙት።»