የቢሾ ጃርሳ ዱካ

ፒያሳ ላይ ስለ ባሪያ ንግድ ወሬ ሲነሣ ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። አንዱ «የእነዚያ ሰዎች ታሪክ አልተጻፈም» የሚል ነው። ሌላው «የጻፉት ቅኝ ገዢዎች ስለሆኑ ሁሉም ውሸት ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ የማይመረምርን ሰው ከድካም ስለሚያድኑ ብቻ ይወደዳሉ።

የቢሾ ጃርሳን ነገር እንይ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዓረብ አገር የሚጓዙ ሦስት ጀልባዎችን ያዘ። በጀልባዎቹ ላይ በባርነት የተያዙ 204 ኦሮሞዎች ተገኙ። ቢሾ አንዷ ነበረች። ኤደን አጠገብ ባለው የሼክ ኡስማን ሚሲዮን ከቆየች በኋላ በ1890 ከሌሎች 63 ልጆች ጋር ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላከች።

ቁም ነገሩ ያለው ላቭዴል ላይ ነው። ሚሲዮናውያኑ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቀው መልሳቸውን መዘገቡ፦ አገርህ የት ነው? ወላጆችህ ምን ይሠሩ ነበር? ማን ያዘህ? ስንት ጊዜ ተሸጥክ? በየት በኩል አለፍክ? የአንድ ልጅ ቃል ብቻውን ብዙ አያስተማምንም። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሼል ግን የ64ቱንም ቃል በአንድነት መረመረች፤ ምስክሮችን ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸውን እንደሚያመሳክር ዳኛ ማለት ነው። አንዱ ልጅ የዘለለውን ሌላው ይሞላዋል። የባዕድ ጆሮ አበላሽቶ የጻፈው የቦታ ስም፣ በዚያው መንገድ ያለፈ ሌላ ልጅ በጠራቸው ቦታዎች መካከል ሲገባ ይታወቃል።

ቢሾ በ1887 ድርቅና በሽታ ወላጆቿን ገድለውባት ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ወላጅ አልባ ሆነች። ያሳደራት አባቷ በባርነት ይዞት የነበረ ሰው ነው። ረሃቡ ሲጠና በነጋዴዎች እጅ ወደቀች። ባሪያ ይዞ የነበረ ሰው ልጅ ራሷ ተሸጠች፤ ይህን ታሪክ «እነሱና እኛ» ብሎ መክፈል አይቻልም።

እዚህ ላይ የታሪክ ሙያችን የሚከራከርበት ነገር አለ። መዝጋቢዎቹ ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ልጆቹም የሚናገሩት በሚያበሏቸው ሰዎች ፊት ነበር። ንግግሩ ተተርጉሟል፤ ዕድሜው ግምት ነው። ስለዚህ የምስጋናን ቃል በጥንቃቄ እናነባለን። የወንድሞችን ቁጥር፣ የአባትን ሥራ፣ የማረፊያዎችን ቅደም ተከተል ግን ለማጣመም መዝጋቢው ብዙም ምክንያት አልነበረውም።

ቀሪ ሕይወቷ በሌሎች መዛግብት ይቀጥላል። በ1902 ላቭዴልን ለቃ ክራዶክ ውስጥ አስተማሪ ሆነች። በ1909 ከጓደኞቿ 17ቱ ወደ ምኒልክ አገር ሲመለሱ እሷ ቀረች፤ በ1911 ፍሬድሪክ ሺፐርስ የተባለ ሰባኪ አገባች። የልጇ የዲምቢቲ ልጅ፣ በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ኔቪል አሌክሳንደር ነው።

እኛስ? በአራዳ ዙሪያ የነበሩት የመኳንንት ግቢዎች የባርነት ጉልበት ነበረባቸው፤ ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ኑዛዜዎች፣ የፍርድ ቤት መዝገቦች፣ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩ ውሎች በእጃችን አሉ። «አልተጻፈም» የሚል ሰው መጀመሪያ እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያንብብ።