7404 ቁራጭ፣ አንድ አንጎል

ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ሕዋሳቱ ጥርት ብለው ይታያሉ። በላዩ ያለው የአካል ቁራጭ ብርሃን እንዲያሳልፍ ተብሎ እጅግ ስለሳሳ ግን ጥልቀት የለውም። የደም ሥር ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚታጠፍ ከአንድ ቁራጭ ማወቅ አይቻልም። ቁራጮቹን በተርታ ደርድሮ ሙሉውን አካል የመመለስ ሙከራም የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ጉስታቭ ቦርን የፅንስ ቁራጮችን ምስል አጉልቶ በሰም ዝርግ ላይ እየቀረጸ ይደራርባቸው ነበር። ዛሬ ይህን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ቢግብሬይን የተባለው የአንጎል ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንስ መጽሔት ይፋ ያደረጉት በጀርመን የዩሊሽ ምርምር ማዕከል ካትሪን አሙንትስ፣ በካናዳ የሞንትሪያል የነርቭ ጥናት ተቋም አለን ኢቫንስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አንጎሉ በ65 ዓመታቸው ያረፉ ሴት ነው። ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ በፓራፊን ሰም ከተደፈነ በኋላ በትልቅ ማይክሮቶም ተቆረጠ። የአንዱ ቁራጭ ውፍረት 20 ማይክሮሜትር ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ ሲሆን፣ ቁጥራቸው 7404 ደረሰ። ሁሉም መስታወት ላይ ተዘርግተው፣ ሕዋሳቱ እንዲጎሉ በብር ውህድ ቀለም ገብቶባቸው በስካነር ተነሱ። መረጃውን መሰብሰቡ ብቻ 1000 ሰዓት ያህል ፈጀ።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስስ ቁራጭ ይቀደዳል፣ ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል፤ ቀለሙም ከአንዱ አንዱ ይለያያል። ይህ ከፊሉ በእጅ፣ ከፊሉ በኮምፒውተር ይታረማል። የሚከብደው ቅርጹ ነው። ጎባጣ ሙዝ በክብ በክቡ ቆራርጠን እያንዳንዱን ክብ ከጎረቤቱ ጋር ልክ ለልክ ብንገጥመው የምናገኘው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ጉብጠቱን የሚናገር ቁራጭ የለም። ለዚህ ነው ቡድኑ ቢላዋ ከመንካቱ በፊት አንጎሉን በሙሉ በኤምአርአይ ያነሳው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱም ከዚያ ምስልም ጋር ደጋግሞ ተመሳከረ፤ ቦታውንም ያገኘው እንዲህ ነው። የሥራው ብልኃት ያለው በዚህ ቅድመ ዝግጅት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ምስሉ ሳይነሳ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ፣ የትኛውም ሱፐር ኮምፒውተር ትክክለኛውን ቅርጽ በእርግጠኝነት ባልመለሰው ነበር።

የተገኘው መረጃ አንድ ቴራባይት ያህል ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ውስጥ 125,000 የቢግብሬይን ነጥቦች ይገባሉ። እርግጥ አንጎሉ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀጫጭን የነርቭ መስመሮችም አይታዩበትም። ነገር ግን ለተመራማሪዎች በነጻ ተሰጥቷል፤ ይህም ብዙ ሥራ አስወልዷል። አንዱን ልጥቀስ። አብዛኛው የአንጎል ቅርፊት ስድስት ንብብሮች አሉት። ቢላዋው በሰያፍ ባለፈበት ስላይድ ላይ ንብብሮቹ ከእውነተኛ ልካቸው ወፍረው ይታያሉ፤ በሦስት አቅጣጫ በተገነባው አንጎል ላይ ግን ቢላዋው በየትም ይለፍ፣ ልኬቱ ከቅርፊቱ ገጽ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስድስቱም ንብብሮች ካርታ በዚሁ መንገድ ተሠርቶ ታተመ።