ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያልበረደ ጭቅጭቅ

ሲትኮም የሚባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጠባብ ቤትና የማይስማሙ ሰዎች ካገኘ ሌላ ብዙም አይፈልግም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ ቢቢሲ ያሳየው ‹ስቴፕቶ ኤንድ ሰን› የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሆኑ አባትና ልጅ ታሪክ ነበር፤ ልጁ ወጥቼ ራሴን ልቻል ይላል፣ አባትየው ያስቀረዋል፣ በማግስቱም ያው ጠብ። ሮብ ግራንትና ደግ ኔይለር የተባሉ ሁለት ደራሲዎች ይህን ዓይነቱን ጠብ ጠፈር ላይ አወጡት። ቢቢሲ ስክሪፕታቸውን ደጋግሞ መልሶታል፤ ይህ ሥራቸው፣ ‹ሬድ ድዋርፍ›፣ በቢቢሲ 2 መታየት የጀመረው በ1988 ነው።

ሬድ ድዋርፍ ግዙፍ የማዕድን መርከብ ናት። ዴቭ ሊስተር ከሠራተኞቿ ሁሉ ዝቅተኛው ነው። አርኖልድ ሪመር በአንዲት እርከን ብቻ ይበልጠውና ያችኑ እርከን ቀን ከሌት ያሳየዋል። ሥራቸው የምግብ መሸጫ ማሽን መጠገን፣ ማደሪያቸው አንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ። ሊስተር ድመት ደብቆ በማስገባቱ፣ ጊዜ በቆመበት ክፍል እንዲታሰር ይፈረድበታል። በዚህ መሀል ጨረር አፈትልኮ የቀሩትን ይፈጃል። ሆሊ የተባለው የመርከቧ ኮምፒውተር ጨረሩ እስኪጠፋ ሲጠብቅ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ሊስተር ሲነቃ ከመርከበኛው የተረፈው እሱ ብቻ ነው፤ ከድመቷ ዘር ደግሞ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ከልብሱ በቀር የሚያስጨንቀው የሌለ ፍጡር ተገኝቷል። ሊስተር በብቸኝነት እንዳያብድ ሆሊ ከሞቱት አንዱን በብርሃን ምስል ይመልስለታል። ማንን? ሪመርን! በሕይወቱ ብዙ ቃል የተለዋወጠው ከእሱ ጋር ነዋ። ቃሉ ስድብ ይሁን ምክር ኮምፒውተሩ አልመረመረም።

ለእኔ የድርሰቱ ብልኀት ያለው እዚህ ምርጫ ላይ ነው። የማንኛውም ሲትኮም ተመልካች አንድ ቀን ‹ታዲያ ለምን ትቶት አይሄድም?› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እዚህ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ግቢና በአንድ ቆጣሪ የሚኖሩ አከራይና ተከራይ በመብራት ሒሳብ ቢጣሉ ተከራዩ ሌላ ቤት መፈለግ ይችላል። ሊስተር ግን በር ቢከፍት የሚጠብቀው ባዶ ጠፈር ነው፤ ሪመርም ሞቶ እንኳ አልተገላገለም። ሳይንሱ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ጠቡን የማያመልጡት ያደረገው እሱ ነው። በ1994 ከ‹ሬድ ድዋርፍ› ክፍሎች አንዱ ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ ለ‹ሬድ ድዋርፍ› የሚቀርበው ‹ክራምብስ› ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአማርኛ የሠራውና በ2015 የወጣው ይህ ፊልም 68 ደቂቃ ይፈጃል። ዓለም ፈርሳለች፤ ሰማዩ ላይ ለረጅም ጊዜ ሥራ ያቆመች መንኰራኩር ቆማለች። ዳንኤል ታደሰ እና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቷቸው ፍቅረኞች ባዶ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ይኖራሉ። የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይከበራል፤ ለማይክል ጆርዳን ይጸለያል። ዳሎልን በፊልሙ ያየ ሰው ለሌላ ፕላኔት ስቱዲዮ መሥራት እንደማያስፈልግ ይረዳል። ያም ሆኖ ‹ክራምብስ› ሲትኮም አይደለም፤ ሁለቱ ይዋደዳሉና። ንትርኩን በደንብ የሚያውቁት እንደ ‹ቤቶች› ያሉ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎቻችን ናቸው። የእነሱን ንትርክ ዳሎል ላይ የሚያሳርፍ ደራሲ ከሐዋሳ ቢነሣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አየዋለሁ።